ፋሚሊና ቤተሰብ፤ ስለ አንድ ቃል ትርጓሜ

በዚህ አምድ ከባዕድ ቋንቋ አንዳንድ ቃል እያነሣን፥ ከየት እንደ መጣና በአማርኛ የሚተካከለው ምን እንደ ሆነ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ስናስረዳ መቈየታችን ይታወሳል። ዛሬ ደግሞ ይህ ገጽ ራሱ ስሙን ያገኘበትን፥ እንግሊዞች «ፋሚሊ» እኛም «ቤተሰብ» የምንለውን ቃል ለመመርመር አስበናል። ለዚህም ምክንያት የሆነን በምንኖርበት በኮልፌ ቀራንዮ በአንድ ዕድር የተነሣ ክርክር ነው።

ቃል ከአገር ወደ አገር የሚሄድ መንገደኛ መሆኑን ለማወቅ ከሰፈራችን መራቅ አያስፈልግም። ቀራንዮ የሚለው ስም ከጽርእ «ክራንዮን» የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም የራስ ቅል ማለት ነው። የእንግሊዝ ሐኪሞች የራስ ቅልን «ክሬኒየም» ሲሉ የሚጠሩት ይኸንኑ ቃል ነው። ሰው በየማለዳው «ቀራንዮ፥ ቀራንዮ» ከሚለው ታክሲ ሲሳፈር የጽርእ ቃል መስማቱን አያስተውልም። እንዲሁም «ቤተሰብ» ስንል ምን እንደ ተናገርን ሳናስተውል የምንኖር ብዙዎች ነን።

ክርክሩ እንዲህ ነበር። ከዕድሩ ነባር አባሎች በአንዲት ወይዘሮ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ ሞተች። የቤቱን ልጆች አዝላ ያሳደገች፥ እነርሱም «እትዬ» እያሉ የሚጠሯት ነበረች። ወይዘሮዋ ድንኳን እንዲተከልና ለቀብር የሚሰጠው ገንዘብ እንዲከፈል ወደ ዕድሩ ዳኛ ላኩ። እኛም መዝገቡን የምንጽፍ ስለ ሆንን ተጠርተን ሄድን። በመዝገቡ ላይ ግን ስሟ አልነበረም።

«እማማ፥ ደንቡ ለአባልና ለቤተሰብ ነው የሚለው» አሉ ዳኛው።

«ልጄ፥ ሃያ ሁለት ዓመት ከእኔ ጋር አብራ የበላች ቤተሰቤ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው?» ሲሉ ወይዘሮዋ መለሱ።

ያን ጊዜ እኛ ከሁሉ ቀድመን «ቤተሰብ ናት» ብለን መሰከርን። ምክንያታችንም ከቃሉ ታሪክ የተወሰደ ነበር፤ እርሱንም ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

«ፋሚሊ» ከሮማይስጥ «ፋሚሊያ» የተገኘ ነው። ፋሚሊያም «ፋሙሉስ» ከሚለው ቃል ወጣ፤ ፋሙሉስ ማለት አገልጋይ፥ ሎሌ ማለት ነው። ስለዚህ በሮማውያን ዘንድ ፋሚሊያ ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር ሳይሆን፥ በአንድ ጌታ ሥልጣን ሥር ያለ ቤት በሞላው፥ አገልጋዩም ጭምር ነበር። ቃሉም ወደ እንግሊዝኛ በገባ ጊዜ መጀመሪያ የያዘው ፍቺ የአንድ ቤት አገልጋዮች የሚለውን ነበር። ኋላ ግን በአንድ ጣራ ሥር የሚኖረውን ሰው ሁሉ አጠቃለለ፤ ለወላጆችና ለልጆች ለይቶ መነገሩ የጸናው ከ17ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው። በእንግሊዝ አገር የባሕር ኃይል ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ የነበረው ሳሙኤል ፔፕስ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1660 ዓ.ም. በጀመረው የዕለት ማስታወሻ፥ ቤተሰቡን ሲቈጥር ራሱን፥ ሚስቱንና የቤት ሠራተኛቸውን ጄንን ሦስት አድርጎ ጽፏል።

የኛም ቃል ከዚህ የራቀ አይደለም። ቤተሰብ ማለት «ቤት» እና «ሰብእ» ተጋጥመው የሆነ ነው፤ ሰብእ በግእዝ ሰው ማለት ስለ ሆነ የቤት ሰው ማለት ነው። ስለ ደም የሚናገር ቃል በውስጡ አይገኝም። እንግሊዞች ከፋሚሊ «ፋሚሊየር» የሚለውን ቃል ሲያወጡ፥ እኛም ከቤት «ቤተኛ» የሚለውን አውጥተናል፤ ሁለቱም የተላመደ፥ ያለ ከልካይ የሚገባ ማለት ነው።

በትርጓሜ የሚቀርቡትንም ቃላት ለይቶ ማወቅ ይገባል። እንግሊዞች «ኪን» የሚሉት የደም ወገንን ነው፤ ለኛ ዘመድ የምንለው ነው። «ካይንድ» የሚለውም የዚሁ ልጅ ነው፤ እርሱም በአንድ ወገን ዓይነት፥ በሌላው ወገን ደግ ማለት ሆኖ ይነገራል። በግእዝም ዘመድ ወገን ብቻ ሳይሆን ዓይነት ተብሎ ይፈታል። «ክላን» ከስኮትላንድ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን በዚያ ልጆች ማለት ነው፤ ሥሩም ቡቃያ ወይም ተክል የሚል የሮማይስጥ ቃል ነው፤ ጎሣ ብንለው ይስማማዋል። «ሃውስ» ቤት ማለት ሆኖ ለነገሥታት ዘር ይነገራል፤ እኛም ቤተ ዳዊት እንደምንለው ነው። «ሃውስሆልድ» ግን በአንድ ቤት የሚኖሩትን፥ ዘመድ ቢሆኑም ባይሆኑም፥ የሚያጠቃልል ስለ ሆነ ለጥንቱ ቤተሰብ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው እርሱ ነው።

ይህን ለሽማግሌዎቹ ባስረዳን ጊዜ ነገሩ ተወደደ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውም ተጠቀሰ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ገንዘቡም ተከፈለ። እኛም መልካም ሥራ ሠርተናል ብለን ደስ እያለን ወደ ቤታችን ገባን።

በሠልስቱ ቀን ግን የሟች ወንድም ከአገር ቤት ደረሰ። አልቅሶ ከተጽናና በኋላ በትሕትና እንዲህ ሲል ጠየቀ፤ «እኅቴ ይህን ያህል ዘመን ሠርታ ያኖረችው ደመወዝ ካለ ለእናታችን እንድወስድላት ነው።»

ወይዘሮዋ ደነገጡ። «ደመወዝማ አንቈጥርም ነበር፤ ቤተሰብ አልነበረችም እንዴ? የሚያስፈልጋትን ሁሉ እኔ ነበርሁ የምገዛላት» አሉ። በድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ከሁሉም ይልቅ ያፈርነው እኛ ነበርን፤ ያን ቃል ከመሰከሩት ፊተኞቹ እኛ ነበርንና።

በዚያ ሌሊት የቃሉን ሌላ ፊት አሰብን። ሮማውያን አገልጋዩን ከፋሚሊያ የቈጠሩት ስለ ወደዱት አልነበረም፤ ባርያ በመሆኑ የጌታው ገንዘብ ስለ ነበረ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ዓመት ግድም በተጻፈው በአሥራ ሁለቱ የሕግ ሰሌዳዎች ውስጥ ፋሚሊያ የሟች ውርስ ሀብት ማለት ሆኖ ይገኛል። በአገራችንም ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪሻር ድረስ በየቤቱ ያለ ዋጋ የሚያገለግል ሰው ሞልቶ ነበር። እንግዲህ አንድ ቃል አቅፎ ሊይዝም፥ አስሮ ሊይዝም ይችላል። ቤተሰብ ናት ማለት ለማክበር ሲሆን ጌጥ ነው፤ ደመወዝን ለመርሳት ሲሆን ግን የሮማውያንን ፋሚሊያ መመለስ ነው።

ሕጉም ሁለቱን ለይቶ ያያል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ቤተሰብ የኅብረተሰብ የተፈጥሮ መሠረት መሆኑን ይናገራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዝምድና በሥጋ፥ በጋብቻና በጉዲፈቻ እንደሚመጣ ይደነግጋል፤ በማገልገል የሚመጣ ዝምድና ግን የለበትም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ጋር የሚኖር ሠራተኛ ጤናው እንዲጠበቅለት፥ ሲታመምም እንዲታከም ያዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ግን ለግል አገልግሎት በቤት የተቀጠረውን በወሰኑ ውስጥ አላገባም። ስለዚህ የብዙዎች ዕድል በቤቱ ባለቤት ኅሊና ላይ የተጣለ ነው።

የነገሩ ፍጻሜ ግን አላሳፈረም። ወይዘሮዋ ልበ ቅን ስለ ነበሩ በማግሥቱ ራሳቸው ሽማግሌ ሰበሰቡ፤ ዓመቱ ተቈጥሮ፥ ሽማግሌዎች የተስማሙበት ገንዘብ ለሟች እናት እንዲደርስ በጽሑፍ ለወንድሟ ተሰጠ። ዕድሩም ደንቡን አሻሽሎ፥ በቤት የምትኖር ሠራተኛ ስሟ፥ የትውልድ አገሯና የዘመዶቿ አድራሻ በሕይወቷ ሳለች በመዝገብ እንዲጻፍ ወሰነ። ያንንም ዓምድ በመዝገቡ ላይ ያሰመርነው እኛ ነን።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፤ በቤታችሁ የምታገለግላችሁን «ቤተሰባችን ናት» የምትሉ ሁሉ መልካም ትናገራላችሁ። ነገር ግን ቃሉን ከመናገር በፊት ሁለት ነገር መርምሩ፤ ስሟ በዕድራችሁ መዝገብ ተጽፏልን? የወሩ ደመወዟስ በእጇ ገብቷልን? ሁለቱ ከተፈጸሙ ያን ጊዜ ቃሉ እውነተኛ ትርጓሜውን አገኘ ማለት ነው።