ሰደቃውን ስጡ፣ ስልኩን ኪስ ክተቱ

እንደ ዘመሮ ባለች ትንሽ ከተማ ሰው በስሙ ብቻ ሳይሆን በአያቱም ይታወቃል። ባለፈው ረመዳን አንዲት እናት ዱቄትና ዘይት ሲቀበሉ ፎቶ ተነሥተው ፌስቡክ ላይ ወጡ። ፎቶውን ጂዳ በሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው አየችው። «እማዬ፣ የምልክልሽ አልበቃሽም እንዴ?» ብላ በስልክ አለቀሰች። እናትየው፣ «ዱቄቱን ለመጋገር እጄ እምቢ አለኝ» አሉኝ።

ሰጪዎቹ ክፉ አላሰቡም፤ ሌላውን ለማነሣሣት ነው። በግልጽ መስጠትም መልካም ነው። ነገር ግን ሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 271 ለድሃ በድብቅ መስጠትን ያስበልጣል፤ አንቀጽ 264 ደግሞ በመመጻደቅና በማስከፋት ሰደቃችንን እንዳናበላሽ ያስጠነቅቃል። ዘካተል ፊጥር ድሃው በዒድ ቀን ከልመና እንዲድን ነው። ፊቱን አደባባይ ካወጣነው ከምን አዳንነው?

ለላኪው ማስረጃ ካስፈለገ ጆንያውን አንሡ፤ የተቀባዩ ስም በመዝገብ ይቅር። ዘንድሮ ልጆቻችሁን ከዒድ ሶላት በፊት የጎረቤትን በር እንዲያንኳኩ ላኳቸው፤ ስልካቸው ግን እቤት ይቆይ። አላህ ጾማችንን ይቀበለን።