ከአንድ ስኳር ድንች የሚነሣ ጓሮ

እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የሊባኖስ ሊራ ከ90 በመቶ በላይ ዋጋውን አጥቷል፤ የ2024ቱ ጦርነት ደግሞ የዳሒዬን ነዋሪ ከቤቱ አፈናቅሏል። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም የችግሩ ተካፋዮች ናቸው።

ለወላይታና ለሐረርጌ ገበሬ የክፉ ቀን ደራሽ የሆነው ስኳር ድንች በሰገነት ላይም ይበቅላል። በየካቲት ጤነኛውን መርጦ፣ ግማሹን በእርጥብ አሸዋ ቀብሮ ሙቅ ስፍራ ማኖር ነው። ቡቃያው ስንዝር ሲሞላ ገንጥሎ በውኃ ሥር ማስያዝ፣ በሚያዝያም በጆንያ አፈር መትከል ይገባል። ከአራት እስከ አምስት ወር ይደርሳል፤ እስከዚያው ለጋ ቅጠሉ ተቀቅሎ ይበላል። ከፍርስራሽ የተዛቀ አፈር ግን ለምግብ ተክል አይታመንም፤ ማዘጋጃ ቤቶች ንጹሕ አፈር ሊያቀርቡ ይገባል።

ሰገነት ቤተሰብን ዓመቱን አይቀልብም። ሆኖም ቡቃያ እንደ ሊራ አይረክስም፤ ለጎረቤትም ይተርፋል።