ቢሮው ስልክ ውስጥ ነው፤ መዝገቡስ?

ጋምቤላ ውስጥ የመንግሥት ሥራ የሚሠራ ወዳጅ ካላችሁ ቴሌግራሙን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ከቤተሰብ ግሩፕና ከኳስ ቻናል መሀል የወረዳው፣ የዞኑ፣ የቢሮው፣ የዘመቻው ግሩፕ ተደርድሮ ታያላችሁ። የስብሰባ ጥሪ፣ የሳምንት ሪፖርት፣ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ በፎቶ፣ ከሥሩ ደግሞ "ደርሶኛል፣ እናመሰግናለን" የሚል መልስ። መሥሪያ ቤቱ ግድግዳና ጣሪያ አለው፤ ሥራው ግን የሚሄደው በስልክ ነው።

ይህን ለመንቀፍ አይደለም የምጽፈው። እኔም በክልሉ በመንግሥት ሥራ ስኖር ስልኬ ስንት ቀን መንገድ አትርፎልኛል። ጋምቤላ ከተማ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከጋምቤላ ከተማ ተነስቶ ደቡብ ሱዳን ድንበር ላይ ያለው አኮቦ ወረዳ መድረስ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ የኑዌር ዞን ሜዳ ላይ ውኃ ይተኛል፤ መኪና ይቆማል፣ ጀልባ ይጀምራል። የሚገርመው፣ ድሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ፣ ከካርቱም የሚነሳው የእንፋሎት መርከብ ጋምቤላ የሚደርሰው ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ነበር። ያኔ ክረምት መንገድ ይከፍት ነበር፤ ዛሬ ክረምት መንገድ ይዘጋል። መንገዱ ሲዘጋ የሚቀረን ኔትወርክ ነው፤ እሱም ካለ።

ጥቅሙን በጤና ሥራ ብቻ እንየው። በአገራችን የበሽታ ቅኝት አሠራር ኮሌራን የመሰለ በሽታ ሲጠረጠር፣ ወሬው ከአንዱ እርከን ወደ ቀጣዩ በ30 ደቂቃ ውስጥ መድረስ አለበት። ኮሌራ በ2017 ዓ.ም. ጋምቤላ ክልል ገብቶ ነበርና ይህ የወረቀት ላይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። 30 ደቂቃ በእግርም በጀልባም አይታሰብም፤ በስልክ ግን ይቻላል። ሌላም አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ሕዝቡ ግን ኑዌርኛ፣ አኙዋክኛ፣ ማጃንግኛ፣ ኦፖኛ፣ ኮሞኛ ይናገራል። በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ቀበሌ ሲደርስ አንዱ ልጅ በድምፅ መልእክት ተርጉሞ ይልከዋል፤ ማንበብ የማይችለው አዛውንትም ይሰማዋል። ይህን የትኛውም ሰርኩላር አልሠራውም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ስልኩ የግል፣ ሥራው የሕዝብ መሆኑ ላይ።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አዲስ የተመደበ ባለሙያ በጎርፍ የተፈናቀሉ አባወራዎችን ያለፈ ዓመት ዝርዝር ፈለገ። ፋይሉ ውስጥ የሽፋን ደብዳቤው አለ፤ "ዝርዝሩ በቴሌግራም ተልኳል" ይላል። የላከው ሰው ሌላ ክልል ተዛውሯል፣ ሲም ካርዱንም ቀይሯል። የተላከለት ሰው ስልኩ ተሰርቋል። ግሩፑ ደግሞ "ዘመቻው አልቋል" ተብሎ ተዘግቷል። ምን ተደረገ? ምዝገባው እንደገና ተጀመረ። እነዚያው እናቶች፣ በዚያው ፀሐይ፣ ልጅ አዝለው እንደገና ተሰለፉ። አንዷ "አምና ስሜን ጽፋችሁት አልነበረም ወይ?" ስትል ሰማኋት። መልስ የሰጣት አልነበረም።

አበው "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይላሉ። ቴሌግራም ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ጽሑፍ መስሎ ቃል ነው። ባለቤቱ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል፤ የሚወርሰው የለም። ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ በሚቀያየርበት ሩቅ ወረዳ ደግሞ ይህ በየዓመቱ የሚደርስ ነገር ነው።

የፌስቡክ ገጽም ያው ነው። ስንት መሥሪያ ቤት ነው የኮሙኒኬሽን ባለሙያው ሲለቅ የይለፍ ቃሉ አብሮ የሄደበት! አዲሱ ሰው አዲስ ገጽ ይከፍታል፣ አሮጌው ገጽ በዚያው ስምና በዚያው አርማ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። በሰላሙ ጊዜ ያስቃል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው ባሮ ሞልቶ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፣ ወይም የግጭት ወሬ ከተማውን ሲያምሰው ግን አያስቅም። ያኔ "የትኛው ነው እውነተኛው ገጽ?" ማለት "ልውጣ ወይስ ልቆይ?" ማለት ነው።

አፕሊኬሽኑ ራሱም የእኛ አይደለም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ተገድበው እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ቪፒኤን ያልጫነ ሰው አልነበረም። ሪፖርቱን ሁሉ እዚያ ያስቀመጠ መሥሪያ ቤት ለአምስት ወር የገዛ ሰነዱን በጓሮ በር ሲፈልግ ከረመ ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሰው ስም ነው። ጋምቤላ ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ያስጠለለ ክልል ነው፤ ብሔር በስሱ የሚነካበት ክልልም ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ስም፣ ቀበሌ፣ ብሔርና የጤና ሁኔታ የያዘ የኤክሴል ዝርዝር 180 ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ ሲለቀቅ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ፎርዋርድ ከተደረገ መመለሻ የለውም። ሕጉ ደግሞ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤናና የብሔር መረጃን የተለየ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ አስቀምጧቸዋል። አዋጁ አዲስ አበባ ላይ ሠርቶ ዲማ ላይ የሚቆም አይደለም።

"ይሄ ሁሉ የከተማ ጨዋታ ነው" የሚለኝ አይጠፋም። መብራት የለም፣ ኮምፒውተሩ በአቧራና በሙቀት ሞቷል፣ ከመዝገብ ቤቱ ቁልፍ የያዘችው ሠራተኛ ወሊድ ላይ ናት። እውነት ነው። መንግሥት በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳዎችን በሳተላይት ጭምር ለማገናኘት ወረዳኔትን ዘርግቶ ነበር፤ ዛሬ ግን ሩቅ ወረዳ ላይ ሥራውን ተሸክሞ የሚሄደው የሠራተኛው ስልክ ነው። ስለዚህ እኔ አዲስ ሲስተም ይገዛ አልልም። ሲስተም ተገዝቶ "ሲስተም የለም" ሲባል ኖረናል። የምለው ያለውን ስልክ በሥርዓት እንያዘው ነው።

አንደኛ፣ አርብ አርብ አንድ ሰው ከግሩፑ የሳምንቱን ውሳኔና ሰነድ ያውጣ፤ ቁጥር፣ ቀንና ላኪ ጽፎ መዝገብ ላይ ያስፍር። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ፋይሎቹን ደግሞ ፍላሽ ላይ ይገልብጥና ካዝና ውስጥ ያስቀምጥ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ "ወረቀት ካልሆነ አናውቅም" የሚባልበት ዘመን አልፏል። መልእክቱ ማስረጃ ከሆነ እንደ ማስረጃ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ግሩፑና ገጹ የሚከፈቱት በመሥሪያ ቤቱ ሲም ይሁን፤ አድሚንነቱም ከወንበሩ ጋር ይሂድ። ሠራተኛ ሲለቅ ወንበር፣ ጠረጴዛና ስቴፕለር ያስረክባል። ርክክብ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨመርና የይለፍ ቃልና ግሩፕም ያስረክብ።

ሦስተኛ፣ ዳታው ይከፈል። ለስብሰባ አበል የሚመድብ በጀት ለሪፖርት ጥቅል የሚገዛ 100 ብር አያጣም። ዛሬ ከደመወዙ ካርድ እየሞላ የመንግሥትን ሪፖርት የሚልከው ያ ወጣት ነው። በገዛ ገንዘቡ የላከውን ነገር "የግሌ ነው" ቢል ምን ይፈረድበታል?

አራተኛ፣ የሰው ስም ዝርዝር ግሩፕ ላይ አይለጠፍ። ለሚመለከተው ሰው ለብቻው ይላክ፤ መድረሱ ሲረጋገጥ ከስልኩ ይጥፋ፤ መዝገቡ ላይ ይቅር።

ይህን ለእናንተ የምጽፈው ለሚኒስትሩ መጻፍ ስለከበደኝ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ ወረዳ ስትመደቡ ገና በመጀመሪያው ሳምንት "አንተ ወጣት ነህ፣ ግሩፑን አንተ ያዘው" የምትባሉት እናንተ ናችሁ። አንቺ ነሽ ገጹን የምትከፍቺው፤ አንተ ነህ ዝርዝሩን የምትለቀው። ሥልጣን ሳይሰጣችሁ መዝገብ ቤቱ እጃችሁ ላይ ገብቷል። አለቃችሁ መመሪያ እስኪያወጣ ሳትጠብቁ የአርቡን ደብተር መጀመር ትችላላችሁ፤ የሚከለክላችሁ የለም።

የመንግሥት ሠራተኛ ያልሆናችሁትም ድርሻ አላችሁ። እናታችሁን ተመዝግባችኋል ሲሏት፣ ጉዳያችሁን በቴሌግራም ልከናል ሲሏችሁ፣ በትሕትና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ "የመዝገብ ቁጥሩ ስንት ነው?" ቁጥር ካለው ሰውየው ቢዛወርም ጉዳዩ ይቆያል። ቁጥር ከሌለው ግን የእናታችሁ ስም ያለው በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ነገ መዛወሩ አይቀርም።