ታይተናል፤ ማየትስ መቼ እንማር?

ሰሞኑን በማደሪያችንም ሆነ በመመገቢያ አዳራሹ አንድ ክርክር ተነሥቶ የሰው ሁሉ ወሬ እሱ ሆኗል። ነገሩ እንዲህ ነው። በመዝናኛ ክፍላችን ያለው ቴሌቪዥን ቅዳሜ ማታ ፊልም ይታይበታል። አንዳንድ መምህራኖቻችን «ሠልጣኙ ፊልም ላይ አፍጥጦ እያመሸ እሑድን ተኝቶ ይውላል፤ ይቅርበት» ብለዋል። ከሠልጣኙም ገሚሱ «ቅዳሜማ ኳስ ነው መታየት ያለበት» ሲል፣ ገሚሱ «ከሰኞ እስከ ሰኞ ደብተር ብቻ ከሆነ ጭንቅላታችን ይዝጋል» ይላል። እኛ የዚህ ግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጆችም ነገሩን ከዳር ቆመን ስናዳምጥ ሰነበትንና የበኩላችንን ለማለት ብዕር አነሣን።

ከሁሉ በፊት ጥፋታችንን እንመን። መምህራኖቻችን ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። እሑድ ጧት የቁርስ ደወል ሳንሰማ ያለፈን ጊዜ አለ። ለሰኞ የሚቀርበውን የትምህርት ዕቅድ እሑድ ማታ በሻማ የጻፍንበት፣ ከጓደኛም የገለበጥንበት ጊዜ አለ። ይኸን ክደን ብንከራከር ማንም አይሰማንም።

ይሁንና ቴሌቪዥኑ ቢዘጋ ፊልም ማየት ይቀራል ወይ? አይቀርም። ፊልም እኮ ከአዳራሽ ወጥቶ ኪስ ከገባ ቆይቷል። የመካነ ሰላም ብርድ ሲበረታ ሁሉም በየብርድ ልብሱ ተከናንቦ፣ ማዳመጫ በጆሮው ሰክቶ፣ የየራሱን ፊልም በስልኩ ያያል። በገበያ ቀን ወደ ከተማው ወጣ ብሎ ላየም፣ በግ ሊሸጥ ከገጠር የመጣ ጎረምሳ ከመመለሱ በፊት ስልክ ጠጋኝ ሱቅ ጎራ ብሎ ሚሞሪው ላይ ፊልም አስጭኖ ነው የሚሄደው። የመብራት መስመር ባልደረሰበት መንደር እንኳ በሶላር በተሞላ ስልክ ላይ አምስት ስድስት ልጅ ተደፍቶ በአማርኛ የተተረጎመ የህንድ ፊልም ያያል። ነገ መምህር ሆነን የምንሄደው ወደ እነዚህ ልጆች ነው። ወደ ወግዲ ብንመደብ፣ ወደ ከላላ፣ ወደ ሳይንት ወይም ወደ ለጋምቦ፣ ልጁ ከመጽሐፍ በፊት ፊልም አይቶ ይጠብቀናል። ታዲያ ጥያቄው «እንይ ወይስ አንይ?» መሆኑ ቀርቷል። ጥያቄው «ካየን በኋላ ምን እንላለን?» ነው።

ፊልምን መጠራጠር አዲስ ነገር አይደለም። ሲኒማ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠርቶት ነበር። ዛሬ ይኸን ስንሰማ እንስቃለን። ግን እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ሰይጣን ነው ያለ ሰው ቢያንስ ጠይቋል ማለት ነው፤ «ይኸ ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ከየት መጣ? ማን ላከው?» ብሏል። እኛ ሠለጠንን ባዮቹ መጠየቁን ተውነው። ያሳዩንን እናያለን፣ ሲያልቅ ሌላ እንከፍታለን።

በቅርቡ ከተማ ወጥተን ቡና በምንጠጣበት ቤት ያየነውን እንንገራችሁ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ ድራማ የማይታይበት ቡና ቤት ጥቂት ነው። ያን ዕለትም በአማርኛ የምትናገር አንዲት የቱርክ ልጅ አባቷ ለማትፈልገው ሰው ሊድራት ታለቅሳለች፤ ቤቱ ሁሉ አብሯት ያዝናል። ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ አባት ድንገት «ኧረ ይኸ አባት ምን ቸግሮት ነው?» አሉ። ሰው ሳቀ። ቡና የምትቀዳው ልጅ ግን አልሳቀችም። ስኒውን እያቀረበች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኛስ አገር ምን ቸግሮን ነው፣ አባባ?» አለቻቸው።

ዝም ተባለ። ከዚያ በኋላ የተነሣው ጨዋታ ከአቦል ጀምሮ በረካ እስኪደርስ አላቆመም። አንዷ ከሰባተኛ ክፍል ስለቀረች እህቷ ተናገረች። ሌላው «አባትም ቢሆን ድህነት ነው የሚያስገድደው» ብሎ ተከራከረ። እኚያ አባት «ድህነትማ ልጅ ሲዳር አይቀር» አሉ። ድራማው መቼ እንዳለቀ ያስተዋለ የለም። በልጅነት ጋብቻ ጉዳይ ክፍል ውስጥ ስንት ሰዓት ተምረናል፣ ስንት ገጽ ማስታወሻ ጽፈናል፤ የዚያን ቀን ቡና ቤት ያህል የገባን ግን የለም። ቡናን ያለ ቡና ቁርስ የሚያቀርብ የወሎ ሰው የለም፤ ፊልምም ያለ ጨዋታ መቅረብ የለበትም የምንለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። እኛ የወሎ ልጆች ማየትን መማር ያለብን ከማንም ይበልጥ ነው። ለምን ቢባል፣ የእኛ ሰው ሲኒማ ገብቶ ፊልም ሳያይ በፊት ዓለም በፊልም አይቶታልና ነው።

በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ ጠቅላይ ግዛት የነበረውን ረሃብ ቀርፆ በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። የፊልሙ ርእስ በአማርኛ ሲመለስ «ያልታወቀው ረሃብ» ይሆናል። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ወገን አልቋል፤ መንግሥትም ሊሸፍነው ሞክሮ ነበር። ፊልሙ ብዙ እርዳታ አመጣ። ዓመት ሳይሞላ ግን ያው ፊልም ሌላ ሥራ ተሠራበት። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ የወሎ ረሃብተኛ ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር እየተፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ረሃቡ እውነት ነው፤ ድግሱም እውነት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን የገጠማቸው ግን መቀስ የያዘ የሰው እጅ ነው። የመጀመሪያው ገጣጣሚ «እርዱ» ሊያሰኝ ፈለገ፤ ሁለተኛው «አውርዱ» ሊያሰኝ ፈለገ። የሞተው ሰው ግን ያው አንዱ ነው። ፊልም በዚህ መንገድ ሳይዋሽም ሊመራን እንደሚችል ያልገባው ሰው፣ አየሁ ይበል እንጂ አላየም።

ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ደገመን። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከቆረም ያነሡት ዘገባ በዓለም ዙሪያ ታየ። በሐምሌ ወር ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ታላላቅ የሙዚቃ ዝግጅቶች ተደርገው ለርዳታ ብዙ ገንዘብ ተሰበሰበ። ላዳነው ነፍስ ምስጋና ይገባዋል፤ ይኸን የሚክድ የለም። ነገር ግን በዚያ ፊልም ከታዩት ወገኖቻችን የብዙዎቹ ስም አልተነገረም። ምን እንዳሰቡ የጠየቃቸው፣ ፊልሙንም መልሶ ያሳያቸው ስንቱን ነው? ዛሬም ባሕር ማዶ ያለ ሰው «ወሎ» ሲባል ትዝ የሚለው ያ ምስል ነው። የመንዙማው፣ የባቲና የአምባሰል ቅኝቱ፣ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቤተሰብ አብሮ የሚኖርበት ወሎ አይታየውም። ያም ምስል ውሸት ሆኖ አይደለም፤ የቀረው ነገር ስለ በዛ ነው።

ይኸ ሁሉ የድሮ ታሪክ ነው የሚል ካለ ኪሱን ይዳብስ። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጊዜ የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ምስል «ዛሬ እዚህ ሆነ» እየተባለ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞር ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ከረመ። ያኔ ወሬ በሰው አፍ፣ ቪዲዮ በፍላሽና በሚሞሪ ነበር የሚሄደው። ኔትወርኩ ሲመለስ ደግሞ ያልታየው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጎረፈብን። የአንድ ደቂቃ እንኳ ዕድሜ የሌለው ቪዲዮ አይተን ከወንድማችን ጋር የተኳረፍንበት ቀን የለም እንዴ? በዚሁ ማደሪያ በአንድ ቪዲዮ የተነሣ አልጋ ለአልጋ እየተያዩ ሳምንት ሙሉ ሰላም ያልተባባሉ ጓደኞች አሉ። በኋላ ሲጣራ ቪዲዮው የቆየ ሆኖ ተገኘ። ኩርፊያው ግን የቆየ አልነበረም፤ ትኩስ ነበር።

እንግዲህ የምንለው ይኸ ነው። ፊልም አይቶ መጠየቅ የለመደ ሰው ቪዲዮ አይቶም ይጠይቃል። በቱርክ ድራማ ላይ «ይኸን ማን ሠራው? ምን አስቀረ?» ማለት ያልለመደ ልጅ፣ የሞተ ሰው ምስል ስልኩ ላይ ሲመጣለት «ይኸን ማን አነሣው? መቼ? የት?» ብሎ እንዲጠይቅ በምን ተአምር እንጠብቃለን? መለማመጃው ፊልሙ ነው። በክልላችን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች በግጭቱ ምክንያት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። እስኪመለሱ ድረስ ስልኩ እያስተማራቸው ነው። ሲመለሱ የምንቀበላቸው እኛ ነን፤ እኛው ራሳችን ሳንማር ምን ልንነግራቸው ነው?

ስለዚህ በበኩላችን የሚከተለውን እናቀርባለን። ከአራቱ ቅዳሜዎች አንዱ ብቻ ለፊልም ይሁን። የቀሩት ለኳስም ለጥናትም ይሁኑ። ፊልሙ ማታ ሳይሆን ከምሳ በኋላ ይጀመር፤ እንቅልፍ የሚያሳጣ አይሁን። ሲያልቅ ማንም ሳይወጣ አንድ ሰዓት እንጫወት። ሦስት ጥያቄ ይበቃናል፤ ማን አነሣው? መቼና የት? ምን አስቀረ? መምህራኖቻችንም ከእኛ ጋር ቁጭ ብለው ይዩ። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ፊልም ይዞ ለአምስተኛ ክፍል ልጅ የሚሆን ትምህርት ያዘጋጀ ሠልጣኝ እዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጥፍልን።

«ምን ፊልም?» ለሚሉን መልስ አለን። የአገራችን የረጅም ፊልም ታሪክ በ1957 ዓ.ም. ከ«ሂሩት አባቷ ማነው» ይጀምራል። በ1960ዎቹ የተሠራው የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ስለ ደም መመለስ ነው፤ ደም መመለስ ደግሞ ለእኛ ደጋ እንግዳ ነገር አይደለም። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2007 ዓ.ም. በካን ፊልም ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ታሪኩ ከበጉ መለየት ስላልፈለገ አንድ ልጅ ነው። በግ ያልጠበቀ የቦረና ልጅ ማን አለ?

ለመጀመሪያው ቅዳሜ ግን የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» እንመርጣለን። በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2001 ዓ.ም. በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። የመረጥነው ግን ስለ ሽልማቱ አይደለም። አንበርብር የሚባለው ባለታሪክ በጀርመን አገር ተምሮ፣ አካሉም ልቡም ጎድሎ ጣና ዳር ወዳለ መንደሩ ይመለሳል። የመንደሩ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። ያ ሁሉ ትምህርት ምን ፈየደ እያለ ሲብሰለሰል ቆይቶ በመጨረሻ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? የመንደሩ መምህር። ይኸን አይቶ በዝም የሚወጣ ሠልጣኝ ካለ እናያለን።

«ፕሮጀክተር የለም፣ መብራትም ይጠፋል» ይባል ይሆናል። ላፕቶፕ አለን፤ አንሶላ አለን፤ ግድግዳ አለን። መብራቱ መሀል ላይ ከጠፋም ጨዋታው መብራት አይፈልግም። ለተግባር ልምምድ የምንወጣበት የገጠር ትምህርት ቤትም ቢሆን አንድ የተቆረጠ የጋዜጣ ፎቶግራፍ ይዘን ገብተን ሦስቱን ጥያቄ ልንጠይቅ እንችላለን። ከዚያም አልፎ ማየትን የተማረ ማሳየትንም ይማራል። ከዚህ ሩቅ ባልሆነው በደንቆሮ ጫካ፣ በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ፓርክ፣ ጭላዳም አለ፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው ቀይ ቀበሮም አለ። ልጆቻችን ግን በስልክ የሚያውቁት የሌላ አገር አንበሳ ነው። ስልኩ እኮ ካሜራም አለው። ወሎን ሌላ ሰው መጥቶ እስኪያነሣው ስንት ዘመን እንጠብቅ?

መምህራኖቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ቴሌቪዥኑን ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ስጡን፤ አንዷን ቅዳሜ አብራችሁን ዋሉ። ከዚያ በኋላ «ይዘጋ» ብትሉ እኛው ራሳችን ሶኬቱን እንነቅላለን። ሠልጣኝ ወንድሞችና እህቶችም በዚህ ጽሑፍ የማትስማሙ ካላችሁ ከሥሩ ባዶ ወረቀት ለጥፈናል፤ እርሳሱም በክር ታስሯል። ጻፉበት። እርሳሱን ግን ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ ባለፈው የታሰረው እስካሁን አልተመለሰም።