በጥቂት ገንዘብ መልካም ሰንጢ ስለ መምረጥ

የቤት ዕቃ ሲገዛ ስለ ትልቁ ዕቃ አስቦና መክሮ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። አልጋ ወይም ቁም ሣጥን ለመግዛት ባልና ሚስት ብዙ ቀን ይመካከራሉ፤ ትንሹን ዕቃ ግን በመንገድ ሲያልፉ አይተው፣ የተጠየቁትን ከፍለው በኪሳቸው ይከቱታል። እንዲህ ያለው ግዢ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ዓይነት ነው። ከነዚህ ከትንንሾቹ ዕቃዎች አንዱ ሰንጢ ነው። ሰንጢ በመጠኑ ጥቂት ቢሆንም ስለት ያለው መሣሪያ ነውና፣ ክፉው ሰንጢ የገዢውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጣቱንም ይጎዳል። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ስለ አመራረጡ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ለዚህም ያነሣሡን በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወዳጃችን ናቸው። ልጃቸው የእርሻ ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ገጠር ለሥራ ሊሄድ ሲነሣ፣ አባት ለመታሰቢያ የሚሆን አንድ ሰንጢ ሊሰጡት አሰቡ። ልጁ ችግኝ ይቆርጥበታል፤ የከረጢት ገመድ ይበጥስበታል፤ በምሳ ሰዓትም ብርቱካን ይልጥበታል። ነገር ግን ለዚህ የመደቡት ገንዘብ ከቤት ኪራይና ከቀለብ የተረፈ ጥቂት ገንዘብ ነበረ። ይልቁንም በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ መግዛት ለደመወዝተኛ ሰው የሚከብድ ሆኗል። ወዳጃችንም «የምገዛው አንድ ጊዜ ነውና እንዳልሳሳት ምከሩኝ» አሉን።

እኛ ለመምከር የበቃነው ዐዋቂ ስለ ሆንን አይደለም፤ አስቀድመን ስለ ተሳሳትን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እጀታው በቀለም ያጌጠ፣ መቀስና ጠርሙስ መክፈቻ ጭምር ያለበት፣ የታላቅ ፋብሪካ ስም በሐሰት የተቀረጸበት ሰንጢ በርካሽ ገዝተን ነበር። አንድ ቀን ሸንኮራ አገዳ ስንልጥበት ስለቱ በድንገት ታጠፈና አመልካች ጣታችንን ክፉኛ ቆረጠን። ኋላ መርምረን ብናየው፣ ስለቱን ደግፎ መያዝ የሚገባው ሞላ ከቀጭን ቆርቆሮ የተሠራ ኖሯል። ገንዘባችንን ለቀለሙና ለመቀሱ ከፍለናል፤ ለሞላው ግን አልከፈልንም።

ሰንጢ በሦስት መንገድ ይገኛል። አንደኛው ፋብሪካ ሠርቶ የጨረሰውን መግዛት ነው። ሁለተኛው ሠሪውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራስ ፈቃድ አዝዞ ማሠራት ነው። ሦስተኛው በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ እኛ ከፊል ትእዛዝ እንለዋለን። ልብስ ሰፊ አስቀድሞ የቆረጠውን ኮት ለገዢው ቁመት አስተካክሎ፣ አዝራሩንም ገዢው እንደ ወደደው አድርጎ እንደሚሰጥ፣ ሰንጢ ሠሪውም የስለቱንና የማጠፊያውን ቅርጽ ራሱ ይወስንና የብረቱን ዓይነትና እጀታውን ለገዢው ምርጫ ይተወዋል።

በውጭ አገር በዚህ መንገድ ከታወቁት አንዱ ሰበንዛ የሚባለው ሰንጢ ነው። ሠሪው ክሪስ ሪቭ በደቡብ አፍሪካ የተወለደ ሰው ሲሆን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሥራውን በዚያ አስፋፋ፤ ለሰንጢው ያወጣለትም ስም በዙሉ ቋንቋ ሥራ ማለት ነው። ዋጋው ግን ከ400 የአሜሪካ ዶላር በላይ ስለ ሆነ ለወዳጃችን የሚታሰብ አይደለም።

ይሁን እንጂ በዋጋ ዝቅ ያሉትም ቢሆኑ ሁሉም የሚናቁ አይደሉም። በፈረንሳይ ተራራማ አገር በሳቩዋ፣ ጆዜፍ ኦፒኔል በ1890 የጀመረው ሰንጢ እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ስለትና አንድ የእንጨት እጀታ ብቻ ነው። በ1955 ስለቱ በእጅ ላይ እንዳይታጠፍ የሚያደርግ ዟሪ ቀለበት ተጨመረበት እንጂ ጌጥ አልተጨመረበትም። በስዊስም ካርል ኤልሴነር በ1891 ለአገሩ ወታደሮች ማቅረብ የጀመረው፣ ኋላ ቪክቶሪኖክስ የተባለው ፋብሪካ ሰንጢ ስሙን ያገኘው በማጠፊያውና በሞላው ጥንካሬ ነው። ከነዚህ የምንማረው፣ ገንዘብ ጥቂት ሲሆን ገንዘቡ አስቀድሞ ወደ ስለቱና ወደ ማጠፊያው መሄድ እንዳለበት ነው።

ከፊል ትእዛዝ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በመርካቶ በምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት በእሳትና በመዶሻ እንደ ገና ዕቃ ሲሆን ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ካራ የሚፈልግ ሰው ከጋራዥ ያገኘውን የመኪና ባሌስትራ ይዞ ወደ ቀጥቃጩ ይሄዳል፤ ቅርጹን ባለ ሙያው ያውቃል፤ ርዝመቱንና እጀታውን ግን ባለ ጉዳዩ ያዝዛል። ባሌስትራ ከመቶ እጅ 0.6 ያህል ካርቦን ያለበት ብረት ስለ ሆነ፣ በእሳት ግሎ በዘይት ሲጠመቅ ይጠነክራል፤ ቀጥሎም በለዘብታ እሳት ሲሞቅ እንዳይሰበር ይሆናል። ይህ ታላቅ ሙያ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ የከለከሉት፣ እንዲህ ያለው ባለ ሙያ ሲናቅ አገር እንደሚጎዳ ስላወቁ ነው።

ሆኖም እውነቱን መናገር ይገባናል። የማይታጠፈው ካራ ለአገራችን ቀጥቃጭ የለመደው ሥራ ነው፤ ሰንጢ ግን ስለቱ ከማጠፊያው ጋር ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ልክ ካልተዋደደ ይወላገዳል። ስለዚህ ለወዳጃችን የሰጠናቸው ምክር ይህ ነበረ፦ ስለቱና ማጠፊያው ከፋብሪካ ይሁን፤ እጀታው ግን እዚሁ በአገር ባለ ሙያ ይሠራ። ለዚህ የሚሆነው እጀታው በሙጫ ወይም በተቀጠቀጠ ችንካር ሳይሆን በብሎን የተያያዘው ነው፤ ብሎኑ ሲፈታ የፋብሪካው እጀታ ይወልቃል፤ በልኩም ሌላ ይሠራል።

ሰንጢውንም አብረን ሄደን መረጥን። ስንመርጥ የተመለከትነውን በቅደም ተከተል እንጽፋለን።

በመጀመሪያ ስለቱን ከፍተን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ነቀነቅነው፤ የሚወዛወዘውን መለስን። ሁለተኛ፣ ዘግተን ከላይ ተመለከትነው፤ ስለቱ ከሁለቱ የእጀታ ግድግዳዎች መካከል መግባት አለበት እንጂ አንዱን መታከክ የለበትም። ሦስተኛ፣ ከፍተን መቆለፊያው ከያዘ በኋላ የስለቱን ጀርባ በእንጨት ላይ ደገፍ አድርገን ተጫንነው። ይህ ሲደረግ ጣት በማጠፊያው መንገድ ላይ ከቶ መገኘት የለበትም። የእኛን ጣት የቆረጠው ሰንጢ ይህን ፈተና ቢፈተን ኖሮ በሻጩ ጠረጴዛ ላይ በቀረ ነበር። አራተኛ፣ የብረቱ ዓይነት በስለቱ ላይ ወይም በሣጥኑ ላይ ተጽፎ እንደ ሆነ አየን። የማይዝግ ብረት ለመባል ከመቶ እጅ ቢያንስ 10.5 ያህል ክሮሚየም ያስፈልገዋል፤ «የማይዝግ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ግን ስለቱ እንደሚቆይ አያረጋግጥም፤ ለስላሳም የማይዝግ ብረት አለና። አምስተኛ፣ ርዝመቱን ለካን፤ ለእርሻ ሠራተኛ ኪስ 7 ወይም 8 ሳንቲሜትር ስለት ይበቃል።

ወዳጃችን ከሁሉ ይልቅ የወደዱት በወርቅ ቀለም የተለበጠና ስም የተቀረጸበት አንድ ሰንጢ ነበረ። ዋጋው ከያዙት ገንዘብ ጋር እኩል ነው። ነገር ግን በሦስተኛው ፈተና መቆለፊያው ሸርተት አለ። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ መልሰው አስቀመጡት፤ አጠገቡ የነበረውን ጥቁርና ሻካራ እጀታ ያለውን አነሡ። ይህ ፈተናዎቹን ሁሉ አለፈ፤ ዋጋውም ካሥር እጅ ስድስቱን ብቻ ወሰደ። ከቀረው ገንዘብ ሁለቱን እጅ ለመሳያ ድንጋይ፣ ሁለቱን እጅ ለእጀታው ሥራ መደብን። ለመሳያ ድንጋይ ገንዘብ ያላስቀረ ገዢ ለጥቂት ወራት ብቻ የሚሆን ሰንጢ እንደ ገዛ ይቁጠረው።

ስለ እጀታው የመከሩት ግን ባለቤታቸው ናቸው። ወይዘሮዋ «በፋሲካ ከጎረቤት ጋር በቅርጫ ያረድነው በሬ ቀንድ በጓሮ ተቀምጧል፤ ለምን ከሱ አይሠራም?» አሉ። ይህ ምክር ገንዘብ ቆጣቢ ከመሆኑም በላይ ለልጁ ከቤቱ የሆነ ነገር የሚያስይዘው ነው። ቀንድ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ ተሰንጥቆ በመጫኛ መካከል ይደረግና ሲቀዘቅዝ ተዘርግቶ ይቀራል፤ የቀንድ ዋንጫ የሚሠሩ ባለ ሙያዎችም ይህን ጠባዩን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ነገር ግን ቀንዱ በሚገባ ሳይደርቅ ከተሠራ በኋላ ይጣመማል። ባለ ሙያውም ይህን ነግረው ሁለት ሳምንት ጠየቁ፤ ልጁ የሚሄደው በአሥራ ስምንተኛው ቀን ነበርና አባት እየተጨነቁም ቢሆን ጠበቁ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን እጀታው ደረሰ፤ ከብሎኑ ቀዳዳ ጋርም ተስማማ።

ሰንጢ ከተገዛ በኋላ ጥበቃው ይቀጥላል። ሎሚ ወይም ብርቱካን የቆረጠ ስለት ወዲያው በውሃ ታጥቦ መድረቅ አለበት። በማጠፊያውም ላይ አልፎ አልፎ አንዲት ጠብታ ዘይት ይበቃል። ስለቱ ሲሳል ወደ ድንጋዩ 20 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ በቀስታ ይሁን፤ በሚሽከረከር መሳያ አግለው የሚስሉ ሰዎች ግን ብረቱ ወደ ሰማያዊ ቀለም እስኪለወጥ ካሞቁት ጥንካሬውን ያጠፉታል። በሰንጢ ጫፍም ብሎን መፍታትና ቆርቆሮ መክፈት ጫፉን መስበር ነው። በተጨማሪም ሕዝብ ወደሚሰበሰብበት በዓል፣ ፍተሻ ወዳለበት መሥሪያ ቤት ወይም ወደ አውሮፕላን ሲሄዱ ሰንጢን በኪስ መያዝ አይገባም፤ በቤት ይቀመጥ። ለሌላ ሰው ሲያቀብሉም ዘግቶ ማቀበል የጨዋ ልጅ ደንብ ነው።

ልጁ በሄደበት ዕለት አባት ሰንጢውን ሲሰጡት እኛም በቤታቸው ነበርን። ልጁ ከፈተ፤ ዘጋ፤ እጀታውንም አገላብጦ ተመለከተና «ይህ የኛ በሬ ነውን?» አለ። እናቱ ነው አሉት። ስለ ዋጋው የጠየቀ ሰው አልነበረም።

የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ገንዘባችሁ ጥቂት ቢሆን አትፈሩ፤ ነገር ግን ገንዘባችሁን ከፋፍላችሁ ዕወቁት። በቅድሚያ ለሚቆርጠውና ለሚይዘው፣ ቀጥሎም ለሚስለው፣ በመጨረሻ ለሚታየው ክፈሉ። ለሚታየውም ስትከፍሉ በአጠገባችሁ ያለውን ባለ ሙያ አስታውሱ፤ እጀታው ቢላላ ወይም ቢሰነጠቅ ሄዳችሁ ልታሳዩት የምትችሉት እርሱ ነውና።