የታችኛው ሊግ ጎል ጎል አይደለምን?

«ማን ነው እሱ? የት ተጫወተ?» ከስኮትላንድ ታችኛ ሊጎች የአንዱን ተጫዋች ስም ባነሳሁ ቁጥር የሚመለስልኝ ይህ ነው። ጥያቄ ይመስላል እንጂ ፍርድ ነው፤ በቴሌቪዥን መስኮት ያልታየውን ኳስ ሁሉ እንዳልተጫወቱት የሚቆጥር ፍርድ። እኔ ይግባኝ እላለሁ። ምስክሬም ኬኒ ዱካር ነው።

ዱካር አጥቂም ነበር፣ ሐኪምም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004/05 የውድድር ዘመን፣ በእንግሊዝ ድንበር ጥግ ለምትገኘው ለትንሿ ግሬትና ተሰልፎ ስድስት ጊዜ ሐትሪክ ሠራ። ጂሚ ግሪቭስ በ1960/61 ለቼልሲ ሲጫወት ካስመዘገበው ጋር እኩል መሆኑ ነው። ክለቡም በ36 የሊግ ጨዋታዎች 130 ጎል አስቆጥሮ፣ በስሙ ሦስተኛ በደረጃው ግን አራተኛ የሆነውን ዲቪዚዮን በአንደኝነት ጨረሰ።

«የተከላካዮቹን ማንነት አትንገረና!» ይሉኛል። እነግራለሁ እንጂ! ብዙዎቹ ቀን በሌላ ሥራ ውለው ማታ ልምምድ የሚወርዱ ሰዎች ነበሩ። ታዲያ ዱካርስ ከሕሙማን ጋር የሚውል ሰው አልነበረምን? ሚዛኑ እኩል ነው። ግሪቭስን ከግሪቭስ አቻዎች፣ ዱካርንም ከዱካር አቻዎች ጋር መዝኑ፤ ፍትሕ የሚባለው ይኸው ነው።

አንድ ክርክር ግን እውነት አለውና አልሸሸውም። ግሬትናን ያሳደጋት የብሩክስ ማይልሰን ገንዘብ ነበር። ባለጸጋው ኪሳቸውን ከፈቱላት፤ ክለቧ በ2005፣ በ2006 እና በ2007 በተከታታይ ከእርከን ወደ እርከን ወጣች። በ2006 የስኮትላንድ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሳ ከሃርትስ ጋር 1 ለ 1 ከተለያየች በኋላ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈች። ግሩም ታሪክ ነው። ነገር ግን መሰላሉ የተደገፈው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነበር። ፕሪሚየር ሊግ ስትገባ የራሷ ሜዳ መስፈርቱን ስላላሟላ፣ በባለሜዳነት የምትጫወተው ከመንደሯ ርቃ በማዘርዌል ፈር ፓርክ ሆነ። በኤፕሪል 2008 ከኢንቨርነስ ጋር ስትጫወት የተገኘው ተመልካች 431 ብቻ ነበር። ማይልሰን ታመሙ፤ ገንዘቡ ተቋረጠ፤ በዚያው ዓመት ክለቧ ፈረሰች።

እንግዲህ የሚያሳፍረው የትኛው ነው? በአራተኛው እርከን መጫወት ወይስ አቅምን ሳያውቁ አንደኛው ላይ መንጠልጠል? ትልቅነትን በእርከን ብቻ የሚለካ ሰው፣ የግሬትናን ውድቀት የጀመረው በመጨረሻዋ ዓመት ይመስለዋል። አይደለም፤ «እዚህ መሆናችን አይበቃም» በተባለበት ቀን ተጀምሯል።

ዱካር በ2007 መጀመሪያ በውሰት በእንግሊዙ ኖርዝሃምፕተን ተጫወተ፤ በ2008 ወደ አሜሪካው ሪያል ሶልት ሌክ ተሻገረ፤ ኋላም ወደ ስኮትላንድ ሜዳዎች ተመለሰ። ስሙ የዓለም መነጋገሪያ አልሆነም። ነገር ግን ክለብ ቢፈርስ፣ ጉልበት ቢከዳ፣ አሠልጣኝ ፊት ቢነሳ የማይፈርስ ነገር በእጁ ነበረ፤ ሙያው። አጠገቡ የተሰለፉት ሁሉ ይህ አልነበራቸውም። ግሬትና ስትፈርስ ደመወዛቸው አብሮ ፈረሰ።

በእኛም ዘንድ ልጁ ኳስ ሲያንከባልል አይቶ «ትምህርቱን ተወው፣ ኮከብ ትሆናለህ» የሚል አጎት አይጠፋም። ለዚያ አጎት ነው ይህን የምጽፈው። ከሺህ ልጆች አንዱ ኮከብ ይሆን ይሆናል። የቀሩትስ? ከሜዳው ወጥተው የት ይግቡ? ኳስንና መጽሐፍን ባላንጣ አድርጎ ያቀረበላቸው ሰው ያን ጊዜ መልስ አይኖረውም።

የታችኛው ሊግ የወደቁ ሰዎች ማከማቻ አይደለም። ሠርቶ አዳሪ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ማልያ ለብሶ፣ በጥቂት መቶ ጎረቤቶቹ ፊት የሚችለውን ሁሉ የሚሰጥበት ቦታ ነው። እዚያ የተቆጠረች ጎል መረቡን የምትነካው እንደ ሌላዋ ጎል ነው። የማትቆጠረው በእኛ በተመልካቾቹ ልብ ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ የእኛ ጉድለት እንጂ የጎሏ አይደለም።