ስለ ላፕቶፕ ቻርጀር መጋል



ከዚህ ቀደም በዚሁ ዐምድ፥ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ሲያድር ስለሚያመጣው ጕዳት ጥቂት ቃል ማቅረቤ ይታወሳል። ዛሬ ደግሞ ነበልባል ስለሌለው በብዙ ቤት ሳይፈራ ስለሚኖር ስለ ሌላ የግለት ምንጭ ልጽፍ አስቤአለሁ፤ ይኸውም የላፕቶፕ ኮምፒዩተር ባትሪ የሚሞላበት፥ ሰው ሁሉ ቻርጀር የሚለው ጥቁር ሳጥን ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በገዛ ቤቴ የሆነው ነገር ነው። የሥራዬ ዐይነት ጽሕፈት ስለ ሆነ፥ ቀን ያላለቀውን ማታ በላፕቶፕ ስጽፍ ማምሸት ልማዴ ነው፤ ታላቂቱ ልጄም ለፈተና ስትዘጋጅ በዚያው መሣሪያ ታነባለች። ባለፈው ክረምት በአንዱ ሌሊት ብርዱ ስለ ጠና፥ ልጂቱ በአልጋዋ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን በጭኗ አድርጋ ታነብ ነበር፤ ቻርጀሩ ግን በፍራሹ ላይ ወድቆ ጋቢዋ ተደርቦበት ነበር። እንዲሁ እንዳለች እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ታናሽ ወንድሟም ከአጠገቧ ተኝቶ ነበር። ከሌሊቱ በስድስት ሰዓት ገደማ በዚያው ክፍል የሚያድሩት አማቴ ጠሩኝና፥ «ልጄ፥ የተለበለበ ጨርቅ ይሸተኛል፤ ያላጠፋችሁት እሳት አለን?» አሉኝ። እኔም፥ «እማማ፥ ምድጃው ከመሸ ጠፍቷል፤ እርስዎ ይተኙ» ብዬ ልመለስ ስል እርሳቸው አልተዉኝም፤ ራሳቸው ተነሥተው ጋቢውን ገለጡት። ቻርጀሩን ባነሣው ከግለቱ የተነሣ በእጄ ይዤ ልቈይ አልቻልሁም። በአንሶላው ላይም የግማሽ መዳፍ ስፋት ያህል ጠይሞ ነበር። ልጆቹ ምንም አልሰሙም።

በማግሥቱ ይህንን ለባልንጀሮቼ ብነግራቸው፥ ከፊሎቹ «ቻርጀር መጋል ልማዱ ነው፤ በከንቱ አትሥጋ» አሉኝ፤ ከፊሎቹም «የሚግል ቻርጀር ሁሉ መጣል አለበት» አሉ። ነገሩን ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ፥ የተጻፈውንም አንብቤ እንደ ተረዳሁት፥ ሁለቱም ወገኖች ሙሉውን እውነት አልያዙም።

ከግድግዳችን የሚመጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን፥ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። ላፕቶፕ የሚፈልገው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስስ፥ ብዙውን ጊዜም 19 ወይም 20 ቮልት ያህል የሆነውን ነው። ቻርጀሩ እንግዴህ በሁለቱ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው፤ በችሎት እንደምናየውም አስተርጓሚ ሁሉ፥ ሲያስተላልፍ ጥቂት ያስቀራል። የሚያስቀረውም ወደ ሙቀት ይለወጣል። በአሜሪካ አገር በፈረንጆች አቈጣጠር ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ፥ የዚህ ዐይነት መካከለኛ ኀይል ያለው ቻርጀር ከተቀበለው ከ100 እጅ 88 እጅ ያላነሰውን ማድረስ ይገባዋል። ይህን ደንብ የሚፈጽም ቻርጀር በጀርባው ላይ በክብ ውስጥ በሮማውያን ፊደል የተጻፈ የስድስት ቍጥር አለው። እንግዴህ 65 ዋት የሚሰጥ ጥሩ ቻርጀር እንኳ በሙሉ ኀይሉ ሲሠራ 9 ዋት ያህል ሙቀት ይፈጥራል፤ ይህም ዛሬ በየክፍሉ የምንሰቅለው አንድ የኤል ኢ ዲ አምፑል በሙሉ የሚበላው ያህል ነው። ቻርጀሩም ዙሪያውን የታሸገ፥ ማራገቢያ የሌለው ስለ ሆነ፥ ሙቀቱ የሚወጣው በላስቲኩ ገጽ በኩል ወደ አየር ብቻ ነው።

ስለዚህ መሞቁ በራሱ ጥፋት አይደለም። ባትሪው ባዶ ሆኖ ሳለ መሣሪያውም በሥራ ላይ ሲሆን ግለቱ ይበረታል፤ ባትሪው ወደ መሙላት ሲቃረብ ግን የሚስበው ኀይል እያነሰ ስለሚሄድ ቻርጀሩ መብረድ ይገባዋል። ባትሪው ሞልቶ፥ መሣሪያውም ያለ ሥራ ተቀምጦ ሳለ እንደ ጋለ የሚቀር፥ ወይም እጅ የማያስነካ፥ ወይም የሚሸትና የሚጮኽ፥ ወይም ላስቲኩ የተነፋ ቻርጀር ቢገኝ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከሥራ መውጣት አለበት። ጋቢ፥ ብርድ ልብስ፥ ትራስና ወፍራም ምንጣፍ ሙቀት እንዳይወጣ ተብለው የተሠሩ ናቸውና፥ ለሰው የሚሰጡትን አገልግሎት ለቻርጀሩም ይሰጡታል። በውስጡ ያሉት ካፓሲተር የሚባሉት ክፍሎች፥ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር ባለሙያዎች ይናገራሉ።

የእኔ ቤት ቻርጀር ግን ከጋቢው ሌላ ሁለት ምክንያት ነበረው። የመጀመሪያው የእኔ የራሴ ስንፍና ነው። ከመሣሪያው ጋር የመጣው ገመዱ ስለ ተበጠሰ፥ ከገበያ ሌላ ገዝቼ ነበር፤ ጫፉም ልክ ስለ ገባ ሌላ አልመረመርሁም። ከዚያ ሌሊት በኋላ ጀርባውን ባነብ 19.5 ቮልትና 2.31 አምፔር ይላል፤ ሁለቱ ሲባዙ 45 ዋት ናቸው። ከላፕቶፑ ሥር የተጻፈው ግን 19.5 ቮልትና 3.33 አምፔር፥ ማለት 65 ዋት ነው። በ45 ዋት ጫንቃ 65 ዋት ሲጫን ከርሞአል! በደኅና የተሠራ ቻርጀር እንዲህ ያለ ጭነት ሲበዛበት ራሱን ይዘጋል፤ በርካሽ የተሠራው ግን እስኪቃጠል ይሸከማል። የሰውን ውል ቃል በቃል እያነበብሁ እንጀራ የምበላ ሰው፥ እነዚህን ሁለት መስመሮች ሳላነብ መቅረቴ እጅግ አሳፍሮኛል። ቻርጀር የሚገዛ ሰው ቮልቱ ከመሣሪያው ጋር እኩል፥ አምፔሩ ግን እኩል ወይም የሚበልጥ መሆኑን ይመልከት፤ የሚበልጥ አምፔር አይጎዳም፥ ላፕቶፑ የሚበቃውን ብቻ ይወስዳልና። በአዲሱ የታይፕ ሲ ጫፍ የሚሠሩት መሣሪያዎች ኀይሉን ከቻርጀሩ ጋር ተነጋግረው ስለሚወስኑ ከዚህ ስሕተት ይድናሉ፤ የርካሹ ሥራ ክፋት ግን በእነርሱም ዘንድ ያው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በመሬት ላይ የተዘረጋው ማከፋፈያ ነው። የመጣው የመብራት ሠራተኛ ስፒናውን ነቅሎ ቢያሳየኝ አንደኛው እግሩ ጠቍሮ ነበር። ቻርጀር ብቻውን ከመሥመሩ የሚስበው ከግማሽ አምፔር ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በዚያው ማከፋፈያ የክረምቱን ማሞቂያ ሰክተን ነበር፤ ያም 2000 ዋት ስለ ሆነ 9 አምፔር ያህል ይስባል። ኤሌክትሪክ በላላ መጋጠሚያ ሲያልፍ የሚፈጥረው ሙቀት፥ አምፔሩ እጥፍ ቢሆን አራት እጥፍ ነው። የማከፋፈያው መዳብ ላልቶ ስለ ነበረ፥ ማሞቂያው የፈጠረው ግለት ለጎረቤቱ ለቻርጀሩም ተረፈ። ማሞቂያና የኤሌክትሪክ ምጣድ ከግድግዳው ሶኬት በቀር በሌላ ቦታ ባይሰኩ ይሻላል።

በደጋ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ስለ ሆነች፥ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳም አየር ሙቀት የመውሰድ ኀይሉ ያነሰ ነው፥ ብርዳችን ጥቂት ቢያግዝም። በቻይና ደንብ መሠረት በአንዳንድ ቻርጀሮች ላይ የተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ምልክት ይታያል። ትርጓሜውም ከዚህ ከፍታ በታች ብቻ በደኅና እንዲሠራ የተዘጋጀ ማለት ነው፤ አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክ በትንሽ ክፍተት መካከል ዘሎ ለመሻገር ይቀለዋልና። እንዲህ ያለ ምልክት ያለውን ዕቃ በአዲስ አበባም ሆነ በደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው ባይገዛው መልካም ነው። ነጋዴዎቹ ይህን ሥዕል የዕቃው ጌጥ አድርገው ሲያስረዱ ሰምቻለሁ።

ታላላቆቹ ሠሪዎችም ቢሆኑ ከስሕተት የጸዱ አይደሉም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2014 ሒውሌት ፓካርድ የተባለው ኩባንያ በአሜሪካና በካናዳ ብቻ ወደ 6 ሚሊዮን የሚሆኑ የቻርጀር ገመዶችን ስለ መጋላቸው መልሶ ሰብስቧል። በ2016 ደግሞ ማይክሮሶፍት የሰርፌስ ፕሮ ገመዶችን የሰበሰበው፥ ገመዱ ለብዙ ጊዜ በጥብቅ ሲጠቀለል፥ ሲጠመዘዝ ወይም ሲቈነጠጥ ሊግል ስለሚችል ነው። ስለዚህ ገመዱን በሳጥኑ ላይ እንደ ጥምጥም አጥብቆ መጠቅለል ደግ አይደለም፤ ሰፋ ባለ ክብ ይታጠፍ። በአልጋ እግርና በበር ሥር እንዳይያዝም ይታይ። ይህንን አልጋ ለሚያነጥፉት የቤት ሠራተኞች መንገር ያስፈልጋል፤ ጧት ቻርጀሩን ሳያዩ ብርድ ልብሱን የሚዘረጉበት እነርሱ ናቸውና።

ምናልባት ጢስ ቢነሣ ውሃ አይደፋበት፤ በመጀመሪያ የቆጣሪው ማጥፊያ ይውረድ፥ ልጆችም ከክፍሉ ይውጡ።

በቤታችን ማከፋፈያው ተጥሏል፤ ቻርጀሩም በ65 ዋት ተለውጧል። ልጄ ከመታጠቢያ ቤት ሥራ የተረፈ አንድ ሸክላ ፈልጋ ከግድግዳው አጠገብ በመሬት ላይ አስቀመጠች፤ ቻርጀሩ ከዚያ አይነሣም፤ በመኝታ ሰዓትም ይነቀላል። አማቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ አላመኑንም፤ ማታ ማታ ጸሎታቸውን ከማድረሳቸው በፊት በእጃቸው ጀርባ ሳይነኩት አይተኙም።